የጠመኔው ምልክት

ቫኪዩሙ ሰባት እስኪቆጠር ያህል ጮኸና ቀጥ አለ።

የቤቱ ታላቅ ልጅ ማስነሻውን ለቀቀው፤ እንደገና ተጫነው። አሁንም ጮኸ፤ አሁንም ቆመ። የብስኩቱ ፍርፋሪ ምንጣፉ ላይ እንዳለ ነው። ግድግዳውን ታክከው የተቀመጡት ሰባት ስምንት ለቀስተኞች ማሽኑ ሲመጣ ለማሳለፍ እግራቸውን አንስተው ነበር፤ የሚያልፍ ሲያጡ አንድ በአንድ መልሰው አወረዱ።

«ይሄማ ሬሳ ነው!» አለ ማሽኑን እያገላበጠ።

ሬሳ ከዚህ ቤት ከወጣ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሻይ የምትቀዳው አክስታቸው ፔርሙሱን በአየር ላይ እንደያዘች ቀረች። እሱም የተናገረው ነገር ዘግይቶ ገባውና ጆሮው ጋለ።

«ማለቴ… በቃ፣ ዕድሜውን ጨርሷል ለማለት ነው» አለና ጭራሽ አባሰው። «ለማንኛውም ከነገ ወዲያ አዲስ ይዤ እመጣለሁ። ይሄን አውጥታችሁ ጣሉት።»

ታናሽ እህቱ እስከዚያ ድረስ ጥግ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ተነሳችና ቫኪዩሙን ከእጁ ነጥቃ ወደ አባቷ ክፍል ገባች፤ አልጋው ሥር ሸጉጣው ተመለሰችና ቦታዋ ላይ ቁጭ አለች።

«ምን ነክቷታል? ለአባቷ ያላፈሰሰችውን እንባ ለመጥረጊያ ልታፈስ ነው እንዴ?» አለች አክስትየው አጠገቧ ላለችው ጎረቤት በሹክሹክታ። የእሷ ሹክሹክታ ደግሞ ማድ ቤት ድረስ ይሰማል።

እውነቷን ነው። ልጅቱ እስካሁን አላለቀሰችም።

አባቷ «አለቃ» ነበር የሚላት፤ እኛም እንደ እሱ እንበላት። አለቃ የምታዘው አንድም ሰው የላትም። ባለ አምስት ፎቅ የጥርስ ሐኪሞች ሕንፃ ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ ናት። «ሐኪሞቹ እንኳ አንቺ ካላጸዳሽላቸው ገብተው ጥርስ አይነቅሉም» ይላት ነበር አባቷ፤ «ታዲያ አለቃው ማነው?»

ሕንፃው የሰጣት ቫኪዩም ባለ ገመድ ነው። ገመዱ በየኮሪደሩ የሰው እግር እየጠለፈ ስላስቸገራት የራሷን ገመድ አልባ ይዛ ትሄዳለች። ከገዛችው ሰባት ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ባትሪው ደከመ፤ እሱን ቻለችው። ከዚያ ማጣሪያው አንድ ቀን ስታጥበው እንደ ደረቀ ዳቦ እጇ ላይ ተፈረፈረ። ስንት ሱቅ ዞረች! «የዚህ ሞዴል ዕቃ መምጣት ካቆመ ስንት ዘመኑ፣ እህቴ» ነበር የሁሉም መልስ።

አባቷ ይሄን ሲሰማ አልጋው ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ልብስ ሰፊ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ የማገው የሱፍ ብናኝ ሳንባው ላይ ተቀምጦ መቀሱን ካስጣለው ሦስት ዓመት ሆኖታል።

«አምጪው እስቲ» አላት። ሜትሩን ከትራሱ ሥር አወጣ፤ ጡረታ ወጥቶም ሜትር ከትራሱ ሥር አይጠፋም። የማጣሪያውን ቦታ ዙሪያውንና ቁመቱን ለካና ሳቅ አለ። «እጅጌ እኮ ነው! የአጭር ሰው እጅጌ።»

«አባዬ፣ እባክህ አትድከም።»

«ዝም በይ። እኔም እሱም የያዘን አንድ በሽታ ነው፤ ትንፋሽ ነው ያጠረን። አንዳችን እንኳ እንዳን።»

የመጀመሪያውን ከገበር ጨርቅ ሰፋው። ገበሩ አቧራውን አሳልፎ ፊቷ ላይ በተነባት፤ የዚያን ቀን ዱቄት የተደፋባት መስላ ነው ቤት የገባችው። ሁለተኛውን ከካኪ ሰፋው። ካኪ አቧራ አያሳልፍም፤ አየርም አያሳልፍም፤ ማሽኑ ታፍኖ ቆመ። ሦስተኛው ከአሮጌ ባርኔጣ የተቆረጠ ነበር፤ ስለ እሱ ባናወራ ይሻላል። ሁልጊዜ ማታ ከሥራ ስትመለስ፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ከክፍሉ ውስጥ ድምፁ ይቀድማታል።

«ተነፈሰ?»

«አልተነፈሰም፣ አባዬ።»

«እሺ፣ አለቃ» ይላል። ወዲያው የመቀሱ ድምፅ ይሰማል።

አራተኛው ላይ ተጠበበበት። ከራሱ የሌሊት ልብስ ጀርባ ነው ቆርጦ ያወጣው፤ አንድ ጎኑ ልስልስ፣ ሌላ ጎኑ ፀጉራም የሆነ ፋኔላ። «ጀርባዬን አይበርደኝም፣ ተኝቼበት ነው የምውለው» አለ ስትቆጣው። ሁለት ቀን ፈጀበት፤ ስፌቱን በእጁ ነበር የጨረሰው። በጠመኔ የመስቀል ምልክት አደረገበትና ሰጣት። «ምልክቱን እያየሽ አልብሺው።»

እያየች አለበሰችው።

በማግስቱ ቫኪዩሙ ሦስተኛው ፎቅ ኮሪደር መሃል ላይ፣ ያበጠ ጉንጫቸውን ይዘው ወረፋ በሚጠብቁ ሰዎች ፊት ድርቅ አለባት። ተቆጣጣሪዋ መጣች፤ ክዳኑን ከፍታ ማጣሪያውን በሁለት ጣቷ አንጠለጠለችው። «በዚህ ጨርቅ ነው እኛ ጋ የምትሠሪው?» አለቻት። ከሕመምተኞቹ አንዱ ጉንጩን እንደያዘ ሳቀ። አለቃ ቀኑን ሙሉ ያ ሳቅ ከጆሮዋ አልወጣም።

ማታ ቤት ስትገባ «ተነፈሰ?» አለ አባቷ።

«አልተነፈሰም!» አለች። «በቡቱቶህ አፍነህ ገደልከው! ሁለተኛ እንዳትነካብኝ!»



«እሺ፣ አለቃ» አለ። መነጽሩን አውልቆ ማኅደሩ ውስጥ ሲከት ጠቅ ሲል ሰማችው።

በማግስቱ ማታ አልጠየቃትም። በሦስተኛውም ቀን አልጠየቃትም። እሷም ስትገባ በሩ ላይ ትንሽ ቆም እያለች ትጠብቅ ነበር፤ ከጠየቀኝ በደህና ቃል እመልስለታለሁ እያለች። እልኸኛ ናት፤ ቀድማ ገብታ «አባዬ፣ ተናድጄ ነው» ማለት ከብዷት ቀኖቹ አለፉ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሻይ ይዛለት ስትገባ መግቢያው ላይ ቆማ ብርድ ልብሱን አየችው። ከፍ ዝቅ አይልም። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ እዚያው ቆማ አየችው፤ ከፍ ዝቅ አላለም።

እንግዲህ ለቀስተኛው ሁሉ «አይዞሽ፣ ጧሪው ነበርሽ፣ ምን አጎደልሽበት» ሲላት አንገቷን ደፍታ የምትሰማው ይሄን ይዛ ነው። የተናገረችው እንደማይመለስ ታውቃለች። ማወቅ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እውነት ያባቷ ጨርቅ ነው ማሽኑን ያፈነው? ወንድሟ አውጥቶ ከጣለው ይሄን መቼም አታውቀውም።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ዘምዛሚው መጡ።

ዘምዛሚው ከአባቷ ጋር ሠላሳ ዓመት አንድ ሱቅ ውስጥ የሠሩ ሽማግሌ ናቸው። አባቷ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፤ እሳቸው ጠርዙን ይዘመዝማሉ፤ ስሙም ከዚያ ነው የወጣላቸው። ልብስ ላይ የተንጠለጠለ ክር ካዩ እንቅልፍ የላቸውም። ገብተው፣ አልቅሰው፣ ተቀምጠው ሳይጨርሱ ከአክስትየው እጅጌ ላይ አንዲት ክር መዘዙ። «ይቅርታ እሜቴ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው» አሉ። አክስትየው በለቅሶዋ መሃል ፈገግ አለች።

አለቃ ሰው ቀለል እስኪል ጠበቀችና አጠገባቸው ሄዳ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቂኝ፣ የኔ ልጅ።»

ነገረቻቸው። ስለ ገበሩ፣ ስለ ካኪው፣ ስለ ባርኔጣው፣ ስለ ሌሊት ልብሱ ጀርባ ነገረቻቸው። «ቡቱቶ አልኩት፣ ጋሼ። አፍነህ ገደልከው አልኩት» አለቻቸው።

«አምጪው እስቲ» አሉ።

ቫኪዩሙን ከአልጋው ሥር አወጣችላቸው። ክዳኑን ከፍተው ማጣሪያውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት። ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «ይህችን የመሰለች ስፌት! እጁ እየተንቀጠቀጠ እኮ ነው» አሉ። ከዚያ ጨርቁን ገለጥ አድርገው ውስጡን አዩ፤ መልሰው ውጪውን አዩ፤ የጠመኔውን ምልክት አዩ።

«ማነው ገልብጦ ያለበሰው?»

«እ?»

«ተገልብጧል እኮ! ፀጉራሙ ወደ ውጪ ዞሮ። ታዲያ አቧራው ፀጉር ውስጥ እየገባ ሲጠቀጠቅበት በምን ይተንፍስ?»

«እኔ ነኝ ያለበስኩት። ምልክቱን እያየሽ ብሎኝ ነበር። ምልክቱን ወደ ውጪ አደረግሁት።»

ዘምዛሚው ሳቁ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ከት ብለው ሳቁና አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ፤ ዓይናቸው ግን እንባ ሞላ። «የልብስ ሰፊ ልጅ ሆነሽ! ኧረ ልጄ፣ ልብስ ሰፊ የጨርቅ ፊት ላይ ጠመኔ አያስነካም። ደንበኛው ያየዋላ! ምልክት የሚደረገው ጀርባው ላይ ነው። ምልክት ያለበት ወደ ገላ ነው የሚዞረው፣ ወደ ውስጥ።»

በአለቃ ሥራ ግን ፊት የሚባለው ምልክት ያለበት ነው። የሳሙናው ጠርሙስ በጽሑፉ በኩል ወደ ሰው ይዞራል፤ «ተጠንቀቁ፣ ወለሉ እርጥብ ነው» የሚለው ወደ ሰው ይዞራል። ምልክት እንዲታይ እንጂ እንዲደበቅ የሚያደርግ ሰው መኖሩን በምን ትወቅ? አባቷ ብናኙ እንዳይጎዳት ብሎ በልጅነቷ ሱቁ ደጃፍ እንኳ አስቁሟት አያውቅም።

«ስለዚህ ጨርቁ ደህና ነበር» አለች።

«ደህና ነበር።»

«እኔ ነኛ ያፈንኩት።»

«አንቺም አይደለሽም» አሉ ሽማግሌው። «እሱም ቢሆን አፍ አውጥቶ ወደ ውስጥ ነው ማለት ነበረበት። ዕድሜ ልኩን የሱን ምልክት የማነብለት እኔ ነበርኩ፤ ለኔ መንገር አያስፈልገውም። አንቺም የምታነቢ መስሎት ነው።» ከትከሻዋ ላይ የሌለ ክር አነሱና ተሰናብተው ወጡ።

ማጣሪያውን በለብታ ውኃ አጠበችው። ጠመኔው እንዳይለቅ ምልክቱ ያለበትን ቦታ አላሸችውም። ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ሰቅላው ዋለች፤ አክስትየው መጋረጃው ላይ ፎጣ የተረሳ መስሏት ሁለቴ ልታነሳው ስትል አለቃ «ተዪው፣ እቴቴ!» ብላ ጮኸችባት።

በአራተኛው ቀን ወንድሟ ትልቅ ካርቶን ታቅፎ መጣ። ገና ከበሩ፣ «ያንን ጣላችሁት?» አለ።

«አንድ ጊዜ ቆይ» አለችው አለቃ።

ማጣሪያውን ገለበጠችው፤ ልስልሱን ወደ ውጪ፣ ፀጉራሙንና መስቀሉን ወደ ውስጥ። አለበሰችውና ማስነሻውን ተጫነች። ጮኸ። ወንድሟ ካርቶኑን እንዳቀፈ በከንፈሩ መቁጠር ጀመረ። ስድስት። ሰባት። ስምንት። ሃያ ላይ መቁጠሩን ተወና ካርቶኑን መሬት አስቀመጠ። ለቀስተኞቹ ተራ በተራ እግራቸውን እያነሱ አሳለፏት፤ ፍርፋሪው እየተንጣጣ ገባ።

«ኧረ ቀስ፣ ጫማዬን እንዳይወስደው!» አለች አክስትየው።

ምንጣፉን ጨረሰች። የአባቷን ክፍል ገብታ አልጋው ሥር፣ የስፌት መኪናው ዙሪያ፣ የክሩን ቁርጥራጭ ሁሉ አነሳች። ማሽኑ የቆመው ሥራው ካለቀ በኋላ በራሱ ባትሪ ማለቅ ነው። ክዳኑን ከፍታ አየችው። አቧራው ከልስልሱ ጨርቅ ላይ ተንሸራቶ የአቧራ መያዣው ውስጥ ቁጭ ብሏል።

ከዚያ ቫኪዩሙን ትከሻዋ ላይ አንግታ በሰው መሃል አልፋ ወደ ውጪ ወጣች።

«ወዴት ነው?» አለ ወንድሟ። ማንም አያውቅም።

በሩ ተዘጋና ወዲያው ተከፈተ። አለቃ ሁልጊዜ ከሥራ እንደምትመለሰው ሆና ገባች፤ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ማንንም ሳታይ፣ በቀጥታ ሄዳ አባቷ ክፍል በር ላይ ቆመች። አክስትየው አንድ ነገር ልትል ስትል የአለቃ ወንድም በእጁ ምልክት አስቆማት።

«ተነፈሰ፣ አባዬ» አለች አለቃ።

«እሺ፣ አለቃ» ለማለት የሚበቃ ያህል ቆማ ጠበቀች። ከዚያ እንባዋ መጣ።