ሳር የያዘው ጠበቃ

ጠበቃ ነጋሳ በአዳማ ፍርድ ቤቶች ጸጉሩ እስኪሸብት ሲከራከር «አጥፍቻለሁ» የምትል ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም። ከደንበኞቹም አፍ እንዳትወጣ እየጠበቀ ነው እንጀራውን የበላው። ዛሬ ግን ባቱ ላይ፣ ግራር ሥር፣ ሽማግሌዎች ፊት፣ የይቅርታ መለመኛውን እርጥብ ሳር በእጁ ይዞ መሬት ላይ ተቀምጧል። ለምክር ቤት ይወዳደራል፤ ምርጫው ደርሷል፤ ባቱ ፊቷን ካዞረችበት ወንበሩ ሄደ ማለት ነው።

ትናንት የቅስቀሳ መኪናውን ራሱ እየነዳ ሲመጣ የባለጋሪውን የወዬሳን የፈረስ ጋሪ ገጨ። ፈረሱ እዚያው ሞተ። ወዬሳ እግሩ በጀሶ ታስሮ ፊት ለፊቱ ፍራሽ ላይ ተጋድሟል። ወንድሞቹ ከኋላው ቆመዋል፤ አንዳቸውም ቁጭ አላሉም።

ደንቡ ይታወቃል፦ በዳይ ጥፋቱን በራሱ አንደበት ካልተናገረ ሽማግሌ አይመርቀውም። ያልተመረቀ ሰው ደግሞ እንኳን ድምፅ፣ ሰላምታም አያገኝም።

ሚስቱም የዘመቻው አዛዥም የሆነችው ሮማነወርቅ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች። «ያ የተፎካካሪህ ሰው፣ ሱፊያን፣ በስልኩ እየቀረጸህ ነው። ካመንክ ነገ ዐቃቤ ሕግ ይሄንኑ ያጫውትልሃል። ዕጩነትህም የጥብቅና ፈቃድህም አለቀላቸው።»

«ሜ፣ ኢልማ ኮ፣» አሉ ኦቦ ዲዳ፣ የሽማግሌዎቹ አንጋፋ። «በል ልጄ፣ ተናገር።»

ነጋሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «የተከበራችሁ አባቶች፣ በደረሰው ጉዳት ጥልቅ ሐዘን ይሰማኛል። ሆኖም የመንገዱ ሁኔታ፣ የፀሐዩ አቅጣጫ፣ እንዲሁም ጋሪው ከኋላው አንጸባራቂ ያልነበረው መሆኑ...»

«ፈረሱን ልትከሰው ነው እንዴ?» አለ አንደኛው ወንድም።

«መንጃ ፈቃድም ጠይቀው!» አለ ከሰዉ መሃል አንድ ድምፅ።

የሳቀ የለም። ሌላኛው ወንድም በትሩን ከግራ ወደ ቀኝ እጁ አዛወረ።

ኦቦ ዲዳ ከዘራቸውን ተመርኩዘው መነሳት ጀመሩ። ሽማግሌ ከተነሳ አለቀ፤ ይግባኝ የሚባል ነገር የለም። የነጋሳ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተጣበቀ። ወዬሳን አየው። ወዬሳ ግን ወደሱ አያይም፤ ጭኑ ላይ ካስቀመጠው ልጓም ዝንብ እሽ ይላል።

«ይቀመጡልኝ አባቴ!» አለ ነጋሳ። ሮማነወርቅ ትከሻውን ቆነጠጠችው። «አጥፍቻለሁ።»

ኦቦ ዲዳ አልተቀመጡም። «ምን አድርገህ?»

«ስልክ እያየሁ ነበር የምነዳው።»

«ስልኩ ላይ ምን ነበር?»

ሮማነወርቅ ዓይኗን ጨፈነች።

«የራሴን... ንግግር። አዳማ ላይ ሕዝቡ ሲያጨበጭብልኝ።»

ወዬሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

«ቆንጆ ነበር?»

«ነበር፣» አለ ነጋሳ፤ መዋሸት ተስኖት።

ወዬሳ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ እግሩን ሲያመው «ኡፍ!» ይላል፣ ደግሞ ይስቃል። ወንድሞቹ ተያዩ። አንዱ ቁጭ አለ፤ ከዚያ ሌላው። ፈረስ እንዲተካ፣ ወዬሳም እስኪድን እንዲጦር ተወሰነ። ኦቦ ዲዳ ሲመርቁ ሰው ሁሉ መዳፉን ዘረጋ፤ እንባው የመጣም ነበር። ሱፊያንም ምርቃት በአንድ እጅ አይቀበሉምና ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ወደ አዳማ ሲመለሱ መሪውን ሮማነወርቅ ያዘች። ነጋሳ ደረቱ ከልጅነቱ ወዲህ እንዲህ ቀሎት አያውቅም።

«ሲያለቅሱ አየሃቸው?» አለች። «ሱፊያን የቀረጸውን ቢለቀው እንኳ ድምፅ ነው የሚያመጣልን።»

«ተይኝ፣ ሮሚ።»

«ነገ መልካሳ ነን፣ ከዚያ አቦምሳ።» ማርሽ ቀየረች፤ ዓይኗ ያበራል። «እዚያስ ማንን በድለናል?»