የመኑቢያ አፍንጫ

ቅጠሉን ከአበባው እየለየሁ ነበር። አክስቴ መኑቢያ ከፊቴ ተቀምጣ፣ አንሶላ ላይ የተሰጣውን የብርቱካን አበባ ታገላብጣለች። በዚህ ሰሞን በከተማችን በናቡል አበባ የማያነጥር ቤት የለም። የእሷን የአበባ ውሃ ግን ሰዎች ከቱኒስ ድረስ መጥተው ነው የሚወስዱት። ከእንፋሎቱ የሚወርደው ውሃ መቼ ጠንካራ እንደሆነ፣ መቼ መሳሳት እንደጀመረና ጠርሙስ መቼ እንደሚቀየር በአፍንጫዋ ትለያለች። ትለይ ነበር። አምና አበባ ስትለቅም ከመሰላል ወድቃ የኋላ ጭንቅላቷን ተመታች፤ ከዚያ ወዲህ ምንም አይሸታትም። ሐኪሙ «እስከ ዓመት ካልተመለሰ አትጠብቂ» ብሏት ነበር። ዓመቱ ዛሬ ሞላ።

«በይ ፈትኚኝ፣ ዶክተሯ» አለችኝ። የሕክምና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ።

ዓይኗን ጨፈነች። አንዱን የአፍንጫዋን ቀዳዳ በጣቴ ደፍኜ ሳሙና አቀረብኩላት።

«አቅርቢው እንጂ።»

«አቅርቤዋለሁ፣ አክስቴ።»

ቡና። ቅርንፉድ። በመጨረሻ አንድ እፍኝ አበባ። ፊቷ አልተለወጠም።

«በዚህ በዚህማ የኔም አፍንጫ አይነቃም» አለች የአጎቴ ሚስት ዱጃ ከማድቤት። በበረኪና የነከረችውን ጨርቅ ይዛ መጥታ፣ ሳልከለክላት አክስቴ አፍንጫ ሥር ያዘችው። አክስቴ ራሷን ወደ ኋላ መለሰች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ሸተታት» አለች ዱጃ። «ሐኪም ዓመት ሙሉ ያቃተውን እኔ በወለል መወልወያ አዳንኩት።»

አክስቴ ሳቀች። ከወደቀች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም። ወደ እኔ ዞረች። «ሸተተኝ፣ አይደል?»

ዝም ማለት እችል ነበር። ዝም ካልኩ ግን ነገ ገዢዎቹ ፊት በዚህ አፍንጫ ልትምል ነው።

«ምን ምን አለሽ?»

ትንሽ አሰበች። «ቆጠቆጠኝ።»

«እሱ ሽታ አይደለም፣ አክስቴ። ከአፍንጫ በላይ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ስስ አጥንት አለ። ሽታን ወደ አንጎል የሚያደርሱት የመጀመሪያው የራስ ነርቭ ክሮች በዚያ ነው የሚያልፉት። ስትወድቂ አንጎልሽ ሲናወጥ ተበጥሰዋል። የቆጠቆጠሽ በአምስተኛው ነርቭ ነው፤ የፊትን ሕመም የሚያደርሰው። እሱ ደህና ነው።»

«ክሮቹ አይቀጠሉም?»

«የሚቀጠሉ ቢሆን እስካሁን ትንሽም ቢሆን ይሸትሽ ነበር።»

«ለዚህ ነው ያስተማርንሽ?» አለችኝ ዱጃ።

«ተያት» አለቻት አክስቴ። «ይልቅ ጨርቅሽን ውሰጂልኝ፣ ዓይኔን አቃጠለኝ።»

አበባውን መዳቡ ድስት ውስጥ ጨምራ እሳት ለኮሰች። ከብዙ ቆይታ በኋላ ውሃው ከቱቦው ጫፍ ጠርሙስ ውስጥ መንጠባጠብ ጀመረ። አጎንብሳ ቆየችና ቀና አለች።

«ነይ አሽቺው። ጠንካራ ነው?»

አሸተትኩ። የአበባ ሽታ ነው፤ ከዚያ ሌላ የማውቀው የለም።

«አላውቅም» አልኳት።

ጠርሙሱ እስከ አንገቱ እስኪሞላ በዓይኗ ጠብቃ ሳበችው። ሌላ ተካችበት። የሞላውን ጠርሙስ ውታፍ አጥብቃ መታችና ግድግዳው ሥር አቆመችው።