የራይጂ ግራ ጆሮ

የራይጂዬሊ ግራ ጆሮ ከተደፈነ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ለማን ትናገር? ለእናቷ ብትናገር ቅጠል ጨምቃ ታንቆረቁርባትና ቤት ታስቀምጣታለች። ለጓደኞቿ ብትናገር ምሳ ሳይደርስ መንደሩ በሙሉ ያውቀዋል። መንደሩ ካወቀ ደግሞ አለቀላት። ሌላ ምን አላትና! ትምህርቱን በጊዜ ተገላግላዋለች፤ ምንጣፍ ስትጎነጉን አክስቶቿ ፈትተው እንደገና ይሠሩታል፤ ቤተ ክርስቲያን ስትዘምር ድምጿ ጭራዋ የተረገጠ ድመት ነው። የምትችለው አንድ ነገር ትንፋሿን ቋጥራ ባሕር መጥለቅ ብቻ ነው። በዚያ ግን ከመንደሩ ወንዶች የሚደርስባት የለም። የሚቀርባት ቪሊኬሳ ነው፤ እሱም ቢሆን ሁሌ በትንሽ ይበለጣል።

በዚያ ጠዋት ዳርቻውን ከሚከልለው የኮራል ድንጋይ አጥር ውጭ ያለው ባሕር ተከፈተ። የመንደሩ አለቃ ከሞቱ ወዲህ ለሐዘን ተዘግቶ፣ አንድ ሰው እንኳ ጦር ሳይነክርበት ነው የቆየው። አሁን የሐዘኑ ማብቂያ ድግስ ደርሷል። ሌላው ጎሣ አሳማና ካሳቫ ያመጣል፤ ዓሣ ማምጣት ግን የእነራይጂ ጎሣ ድርሻ ነው፣ ከድሮም የእነሱ ነው። ስለዚህ ጀልባ ያለው ሁሉ ገና ሳይረፍድ ወጣ። እነራይጂም ወጡ፦ እሷ፣ ቪሊና ሞተሩን የሚይዘው ሴሩ።

«ሴሩ፣ ወደ መሀል ጠጋ በል እንጂ! ጀልባዋ ባንተ በኩል ባሕሩን እየጠጣችው ነው» አለ ቪሊ።

«አንተ ስትዘፈዘፍ ጎትቶ የሚያወጣህ ይሄው ሥጋ ነው፤ አክብረው።»

«አንተ? አንተ እኮ ወገብህ ድረስ ስትገባ ለእናትህ ተናዝዘህ ነው!»

ሴሩ ራሱ ሳቀ። እውነት ነው፣ ሴሩ አይጠልቅም። ደረቱ እንደ በርሜል ቢሆንም ፊቱ ውኃ ውስጥ ሲገባ ይሸበራል። ለሞተርና ለጨዋታ ግን እሱን የሚያህል የለም።

ቪሊ የራይጂ እናት ወንድም ልጅ ነው። የእናት ወንድም ልጅ ማለት ታቫሌ ማለት ነው፤ ከታቫሌ ጋር ደግሞ ቁም ነገር ብሎ ነገር የለም። ሲገናኙ ይሰዳደባሉ፣ በጸሎት ሰዓት ጫማ ይደባበቃሉ፣ አንዱ ሌላውን በሰው ፊት ያዋርዳል፣ ሰውም ይስቃል። ታቫሌው ሰደበኝ ብሎ የተቀየመ ሰው ጤናው ይጠረጠራል። ራይጂና ቪሊ ደግሞ በዚህ ባሰባቸው። አፍ ከፈቱ ጀምሮ አንድ እውነተኛ ነገር ተነጋግረው አያውቁም ቢባል ማጋነን አይደለም።

አንድ ነገር ላይ ብቻ አይቀልዱም። አንዱ ሲጠልቅ ሌላው ከላይ ተንሳፎ ያየዋል። የወረደው ከቀረ የሚያየው ወርዶ ያወጣዋል። ይሄን ያስተማሯቸው የቪሊ አባት፣ ራይጂ «ሞሞ» የምትላቸው አጎቷ ናቸው፤ በጥፊ ጭምር ነው ያስተማሯቸው።

ለዚህ ነው ራይጂ ጀልባዋ ስትቆም መነጽሯን ያላነሳችው። ትናንት ብቻዋን ሞክራዋለች። የሦስት ሰው ቁመት ሳትወርድ ጆሮዋን በመርፌ የወጉት ያህል ሆኖባት ተመልሳለች። እዚህ ደግሞ፣ የባሕሩ ወለል ተቆርጦ ገደል ከሚሆንበት አጠገብ፣ ጥልቀቱ ሃያ ሜትር ነው። ቪሊ እዚያ ታች ቢቀር…

ቪሊ የመጥለቂያ መነጽሩ ላይ ምራቁን እንትፍ ብሎ ያሽ ነበር።

«ቪሊ፣ እኔ ዛሬ መውረድ አልችልም።»

«ምነው? ፀጉርሽ እንዳይበላሽ ነው?»

«ጆሮዬ ተደፍኗል። ግራው።»

ቪሊ ጀልባዋ እስክትወዛወዝ ሳቀ። «ሴሩ ሰማህ? ጆሮዋ ነው አሉ የተደፈነው! ምናለ አፏ ተደፍኖ መንደሩ ባረፈ!»

«የምሬን ነው እኮ።»

«የምርሽን? ባለፈው ወር አርግዣለሁ ብለሽ እናቴን ግማሽ ቀን ያስለቀስሻትም የምርሽን ነበር።»

ሴሩ ሆዱን ይዞ ተንከተከተ። ራይጂ እዚያ ላይ የቪሊን እጅ ይዛ፣ በእናቷ ምላ፣ «ስማኝ፣ አንተ ብትቀር ማውጣት አልችልም» ማለት ነበረባት። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሁለቱም እየሳቁ ነው፤ እሷም በሰው ፊት «አልችልም» የሚለውን ቃል ተናግራው አታውቅም። አፏ እንደለመደው ብቻውን ሮጠ።

«እሺ ተነቃብኝ። ከእኔ ጋር ጠልቀህ እንዳታፍር አስቤልህ ነበር።»

«እንዲያ በዪ!» አለና ወደ ኋላው ተገልብጦ ባሕር ገባ።

ራይጂም ገባች። ውኃው ሞቅ ያለ ነው፤ ከላይ ሆነው ወለሉ ላይ ያለው አሸዋ ጥርት ብሎ ይታያል። ሰው መፍራት የረሱ ዓሦች እግራቸው ሥር ይርመሰመሳሉ። ቪሊ ከላይ ከላዩ ሁለት ሦስት ወግቶ ለሴሩ አቀበለ። እሷ ጦሯን እንደያዘች ተንሳፋለች።

«አንቺ፣ ለጉብኝት ነው የመጣሽው?»

«ልተውልህ ብዬ ነው። ድግሱ ላይ ‹ይሄ ልጅ ምን አመጣ?› ሲባል እንዳታለቅስ።»

ገደሉ አፍ ላይ ሲደርሱ ቪሊ መቅዘፉን አቆመ። በጣቱ ወደ ታች አሳያት። አሸዋው ላይ፣ ድንጋዩ ሥር ካለው ጉድጓድ ፊት ለፊት፣ ጥጃ የሚያህል ካዋካዋ ተጎልቷል። የአለቃ ድግስ ላይ ከፊት የሚቀርበው ዓሣ ይሄ ነው፤ ያመጣው ሰው ስሙ ለዓመታት ይነሳል።

«አፉ ሴሩን ይውጣል!» አለ ቪሊ የመተንፈሻ ቱቦውን ከአፉ አውጥቶ። ከዚያ ቀልዱን አቆመ። ትንፋሹን እያረጋጋ «ታዪኛለሽ አይደል?» አለ።

አሁንም መናገር ትችል ነበር። «አይሃለሁ» አለችው።

ቪሊ ሲጠልቅ ያምራል፤ ይሄን በሕይወቷ ነግራው አታውቅም። ሁለቴ ቀዘፈና ከዚያ በኋላ ባሕሩ ራሱ ወሰደው። አሸዋው ላይ ደረሰ፣ ጠበቀ፣ ጦሩን ለቀቀው። ዓሣው ተመታ። ተመትቶ ግን አልሞተም፤ ጦሩን እንደያዘ ጉድጓዱ ውስጥ ተወተፈ። ቪሊ የጦሩን ጫፍ ያዘ፣ እግሩን ድንጋዩ ላይ ተክሎ ይጎትት ጀመር።

ልቀቀው፣ አለች ራይጂ በሆዷ።

ጎተተ። አሁንም ጎተተ። «ልቀቀው!» ብላ በቱቦው ውስጥ ጮኸች። ለባሕሩ ነው የጮኸችው።

ለቀቀው፤ ግን ቆይቶ ነው የለቀቀው። አንጋጦ መውጣት ጀመረ። ዓይኑን በመነጽሩ ውስጥ አየችው፣ እሷን ነው የሚያየው። መንገዱን ሲያጋምስ እግሮቹ ዘገሙ። ከዚያ ቆሙ። ካፉ ጥቂት አረፋ ወጣ፣ እጆቹ ወደ ጎን ተዘረጉ፤ ለመጥለቅ ወገቡ ላይ የታጠቀው ከባድ የእርሳስ ቀበቶ ቀስ አድርጎ መልሶ ወሰደው። ጉድጓዱ ፊት ለፊት አሸዋው ላይ ተኛ።

ራይጂ ወረደች። ወዲያው ጆሮዋን ወጋት። ግፊቱን ለማስተካከል አፍንጫዋን ይዛ ነፋች፤ ቀኙ ተከፈተ፣ ግራው እንቢ አለ። ሕመሙን ውጣ ቀዘፈች፣ እንደገና ቀዘፈች፤ ጭንቅላቷ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለና ቀዝቃዛ ውኃ ገባ። ከዚያ ዓለም ተገለበጠ። አሸዋው ከላይ ሆነ፣ ጀልባዋ ከታች። ወደ ቪሊ የምትቀዝፍ መስሏት በሙሉ ኃይሏ ቀዘፈች፣ ግንባሯ ጠንካራ ነገር መታ። የጀልባዋ ሆድ ነበር።

ብቅ ብላ አስታወከች።

«ቪሊስ?» አለ ሴሩ።

«ታች ነው። አልተነሳም።»

«ታዲያ ሂጂ!»

«አልችልም።»

«ራይጂ፣ አትቀልጂ!»

«አልችልም እኮ! ጆሮዬ!»

ሴሩ ፊቷን አየ፤ ከጆሮዋ ደም በአንገቷ ይወርዳል። ልብሱን እንደለበሰ ዘለለ። ያ በርሜል ደረቱ ግን አላሰጥም ብሎ መልሶ ወደ ላይ ተፋው። እንደገና ሞከረ፤ እየተናነቀው፣ እያለቀሰ ወጣ። ራይጂም ደግማ ወረደች። አሸዋው እንደ እንዝርት ዞረባት፤ ሴሩ በፀጉሯ ጎትቶ አወጣት። ከዚያ መልህቁን በገመዱ አወረዱ፣ ቀበቶው ላይ እናጠልቀዋለን ብለው። እሷ ፊቷን ነክራ «ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ግራ» ትላለች፣ ሴሩ ይጎትታል። መልህቁ የቪሊን ክንድ ነካው። ክንዱ ተነሳና ተመልሶ ወደቀ። ሌላ ምንም አልያዘም።

ስንት ጊዜ እንደሞከሩ አላወቁም። ሴሩ ገመዱን የለቀቀው እጁ ተልጦ ሲደማ ነው። ያኔ ሁለቱም እንዳለቀለት አውቀዋል፤ ቃሉን ከአፉ ያወጣ ግን የለም።

«ሰው ልጥራ» አለ ሴሩ።

«ሂድ። እኔ እዚሁ እሆናለሁ፤ ቦታው ይጠፋል።»

ሞተሩ ራቀ። ራይጂ በደረቷ ተንሳፋ ወደ ታች አየች። ከእናቷ ጋር ተጣልታ፣ በሳቅ እየፈነዳች፣ በልጅነቷ መቶ ጊዜ የወረደችው ጥልቀት ነው። ፀጉሩ ይወዛወዛል። ትንንሽ ዓሦች መጥተው አሸተቱትና ሄዱ። ካዋካዋው ጦሩን እንደተሸከመ ጭንቅላቱን ከጉድጓዱ አወጣ፣ ቪሊን አየው፣ መልሶ ገባ። «ተነስ፣ አንተ ሰነፍ» አለችው። «ተነስ፣ ይሳቅብሃል።» ከዚያ ስድቡ አለቀባት። ከዚህ በፊት አልቆባት አያውቅም።

የባሕሩ ፍሰት አቅጣጫውን ሲቀይር መጀመሪያ የተነቃነቀው አሸዋው ነው። ቀጥሎ የቪሊ እግር። ውኃው ቀስ ብሎ ገለበጠው፣ እየጎተተ ወደ ገደሉ ጠርዝ ወሰደው። ራይጂ ከላይ ተከተለችው። ሌላ አንዴ ለመውረድ ሞከረች፣ ዓለም ዞረባት፣ ባሕር ጠጣች። ዓይኗን ስትከፍት ጠርዙን አልፏል። ከጠርዙ ወዲያ ወለል የለም። ነጣ ያለው ውስጥ እግሩ ጥቂት ታያት፤ ከዚያ እሱም ሰማያዊ ሆነ።

ጀልባዎቹ ሲደርሱ ከፊተኛው ላይ የቪሊ አባት መነጽራቸውን አጥልቀው ቆመው ነበር።

«የት ነው?»

ጣቷን አነሳች፤ የምትጠቁምበት ቦታ አጣች። ገደሉን፣ ወዲያ ያለውን ባሕር በሙሉ አሳየቻቸው።

«ሞሞ፣ ባሕሩ ወሰደው። ጆሮዬ ተደፍኖ ነበር፣ መውረድ አቃተኝ።»

አጎቷ አንገቷ ላይ የደረቀውን ደም አዩ። «ካወቅሽ ለምን አልነገርሽውም?»

«ነግሬው ነበር።»

አጎቷ ትንፋሻቸውን ሳቡና ወረዱ። ወጡ፣ ሌላ ቦታ ወረዱ። ከዚያም ሌላ ቦታ። ማንም እዚያ ታች ደርሶ አያውቅም፤ ሁሉም ያውቃሉ፣ አንድም ሰው ግን «ይበቃዎታል» አላላቸውም። ራይጂ ሰዎቹ አንስተው ያስቀመጧት ቦታ ላይ ተቀምጣ፣ በደህናው ጆሮዋ፣ አጎቷ በወጡ ቁጥር አየር ሲስቡ ትሰማ ነበር።