የሙሉወርቅ ፎቶ ያደገ ቀን

መርሳ ላይ ፎቶ የሚያድገው ሰው ሲሞት ነው። ማንም የደነገገው ሕግ አይደለም፣ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ጉርድ ለመታወቂያ ነው፣ ከፍ ያለው ለሠርግና ለምርቃት። የመስኮት መስተዋት የሚያህል ፎቶ ታቅፎ ከስቱዲዮዬ የወጣ ሰው ካለ ግን፣ በር ላይ ማንጎ የምትሸጠዋ ሴት ሳትቀር ብድግ ብላ «ማን ነው?» ትለዋለች። የኔ ማሽን ትልቅ ስለማያትም ወደ ወልድያ በሚኒባስ እልካለሁ። ሾፌሮቹ እንኳ ታትሞ የመጣውን ጥቅል ሲሰጡኝ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው የሙሉወርቅን ፎቶ ያሳደግሁት።

መስከረም የምትባል መምህርት ከወልድያ አምስት ትንንሽ ካሜራዎች ይዛ መጥታ ነበር፤ በሕመምም ሆነ በአካል ጉዳት ከቤት ለማይወጡ ሰዎች። «ሌላው ስለነሱ ከሚያወራ እነሱ በፎቶ ያውሩ» አለችኝ። የኔ ሥራ ካሜራውን ማለማመድና በየሳምንቱ ቤት ለቤት እየዞርሁ ያነሱትን ማተም ነው። በመጨረሻ ፎቶዎቹ ገበያው አጠገብ ባለው አዳራሽ ውስጥ ይሰቀላሉ ተባለ። ሰው ብዙ ስለማልቀርብ፣ በሰው ቤት ገብቶ ዝም ብሎ መቀመጡ ተስማማኝ።

ሙሉወርቅ ከወንዙ ማዶ፣ በወንድሟ በአበባው ቤት፣ መስኮት በሌለው ጓዳ ነው የምትኖረው። እግሮቿ ከከዷት ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። ጦርነቱ የደረሰ ጊዜ ሕዝቡ ሲሸሽ አበባው ልጆቹን ይዞ ወጣ፤ እሷን ትቷት። ሲመለስ በሕይወት አገኛት። ጎረቤት «ሙሉስ?» ሲለው ግን አንገቱን ደፋ። ጎረቤትም ሞታለች ብሎ ተረዳው። በዚያ ሰሞን ስንቱ ሳይለቀስለት ቀረ፣ እሷም ከነሱ ተቆጠረች። አበባው አላረመም። ላርም ቢል ትቷት መሄዱን መናገር ሊኖርበት ነው። ይህን ሁሉ ያጫወተችኝ እሷው ናት፣ የሰው ታሪክ እንደምታወራ ሆና።

በመጀመሪያው ሳምንት ያነሳችው አርባ ፎቶ ሁሉ አንድ ነገር ነበር፤ በበሩ ስንጥቅ የሚገባ ብርሃን። ጠዋት ቀጭን፣ ቀትር ላይ ነጭ፣ ማታ ቀይ። በሁለተኛው ሳምንት ከበሩ ሥር የሚታይ የአላፊ አግዳሚ እግር። በሦስተኛው፣ ሳህን አስቀምጦ የሚመለስ የአበባው እጅ። እጅ ብቻ።

«ፊት የለውም እኮ» አልኋት።

«ፊት ከየት አምጥቼ? ይልቅ የኔን አንሳልኝ።»

በሩን ከፍቼ አነሳኋት። በካሜራው መስኮት ራሷን ለረጅም ጊዜ አየች።

«አሳድገው» አለች። «ከገበያው ዳር ሆኖ የሚያይ ሰው እንዲለየኝ። ሙሉ አለች እንዲል።»

«ሌሎቹ እኮ ትንንሽ ነው የመረጡት፣ እትዬ ሙሉ።»

«እነሱን ሰው ያውቃቸዋላ።»

ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ ሰቀልሁት። የሌሎቹ ፎቶ በቅሎ ነው፣ ምርኩዝ ነው፣ የጓሮ ፓፓያ ነው። በግድግዳው ላይ ፊት ያለው የሷ ብቻ ሆነ። መስከረም የተሳፈረችበት መኪና ሲሪንቃ ላይ ተበላሽቶ ስለዘገየች ንግግር የሚያደርግም አልነበረም።

ቀድመው የገቡት እማማ ሲቲ ናቸው፣ የአበባው የግድግዳ ጎረቤት። ፎቶው ሥር ቆመው ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ሳቡ።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። «ቁርጡ ታወቀ ማለት ነው።»

«ኧረ እማማ፣ በሕይወት አለች። ትናንት አብረን ነበርን።»

እማማ ሲቲ በሐዘኔታ አዩኝ። «ልጄ፣ ፎቶዋን ያሳደግኸው አንተ አይደለህ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ?»

ከኋላቸው አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አንዱ «ልጁ ለብቻው መኖር አብዝቷል፣ ከፎቶ ጋር ነው የሚያወራ» አለ፣ ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ፣ ወዲያው ሳቁን ዋጡት። ዕድርተኛውን ለለቅሶ የሚጠራው የቅሬው ጥሩንባ ውጭ ሲነፋ ሰማሁ። ፎቶውን ከግድግዳው አውርደው ከፊት አስቀደሙት፣ ሰውም ተከተለ።

እኔ ከኋላ ሄድሁ። ፊቷ ከሰው ራስ በላይ እየተወዛወዘ ወንዙን ተሻገረ። መሀል መንገድ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በእነዚህ ሁሉ ሳምንታት እጇን ነክቼው አላውቅም። ካሜራውን የምታስቀምጥልኝ ደፉ ላይ ነው። ሻይ ስጠጣ እሷ ጠጥታ አታውቅም። እነዚህ ሁሉ ሰዎች ተሳስተው እኔ ብቻ ልክ ልሆን? ፀሐዩ እያቃጠለኝ በረደኝ።

ስንደርስ የቅሬው ሰዎች ድንኳኑን እየወጠሩ ነበር። አበባው ከደጅ ቆሟል። ፎቶውን ሲያይ መሬት ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። የውሸት ለቅሶ አልነበረም፤ ተጠራቅሞ የቆየ ነው። ጎንበስ ብዬ «ንገራቸው» አልሁት።

«ምን ብዬ?» አለኝ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

አልቃሾቹ ስሟን እያነሱ ጀመሩ። ደጉን ሁሉ አነሱላት፤ ፈትሏን፣ ሳቋን፣ ለሰው ልጅ ያላትን ፍቅር። ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። የማስታውሰው ከጓዳው በር ስንጥቅ ነጭ ብርሃን ብልጭ ማለቱን ነው። ለቅሶው ተቋረጠ። ደግሞ ብልጭ አለ። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ የድንኳኑ ገመድ ላይ የወደቀም ነበር።

«ፎቶዬን ወዲህ አዙሩት» አለ የሙሉወርቅ ድምፅ ከውስጥ። «ሲያድግ ምን እንደመሰልሁ አላየሁትም።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። እማማ ሲቲ ብቻ «ቢስሚላህ» ብለው ገቡ። የቆዩት ትንሽ ነው፣ ግን ረዘመብን። ሲወጡ መዳፋቸውን እያዩ ነበር።

«እጇ ይሞቃል» አሉ።

የቅሬው ዳኛ «እንግዲህ ድንኳኑን እንንቀለው» አለ። እሷ ከውስጥ «ተዉት፤ ጥላ ነው። አውጡኝ» አለች። አራት ሆነን ከነፍራሿ አወጣናትና ከፎቶዋ አጠገብ አስቀመጥናት። ሰው ተሰልፎ ሰላም አላት። ግማሹ አፉ ለምዶበት «እግዜር ያጥናሽ» አላት፣ እሷም «አሜን» ትል ነበር። አንዳንዱ የጨበጠው እጇን ነው፣ ከዚያ ዞር ብሎ ግን እንባውን የሚጠርገው ለፎቶው ነው። አበባው እስኪመሽ ከተቀመጠበት አልተነሳም፣ ወደ ሁለቱም አላየም።

ሰኞ ጠዋት የካሜራዋን ካርድ ወሰድሁ። በሩ ተከፍቶ ነበር፣ እማማ ሲቲም አጠገቧ ተቀምጠዋል።

«የመጨረሻውን አሳድገው» አለችኝ። «በመጨረሻ ፊት አገኘሁ።»

ስቱዲዮ ገብቼ ከፈትሁት። በበሩ ስንጥቅ በኩል የተነሳ ፎቶ ነው፤ ግራና ቀኙ ጥቁር፣ መሀሉ በሰው ፊት የተሞላ። ሁሉም ያለቅሳል። ከፊት ለፊት፣ ከበሩ አንድ ክንድ ርቆ፣ ተንበርክኮ ደረቱን የሚመታው ሰው እኔ ነኝ። አፌ ተከፍቷል፣ ስሟን እየጠራሁ ይመስላል። እንዲህ ማልቀሴን አላስታውስም።

ከሁሉም የጎላው የኔ ፊት ነው።

ቃል ገብቻለሁና ፋይሉን ለወልድያው ማተሚያ ቤት ላክሁት። አሁን ጥቅሉን የሚያመጣውን ሚኒባስ እየጠበቅሁ በር ላይ ቆሜያለሁ። ለወትሮው ከሰው የማልነጋገረው ሰውዬ፣ ዛሬ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ሰላምታ እሰጣለሁ። ማንጎ ሻጯ ቀና ብላ አይታኝ ነበር።

ሰላምታዬን ግን እስካሁን አልመለሰችልኝም።