ቃጭሉን ማን ሰጠሽ?

ኤልመር ሃውገን ዳሌው በብረት ከተተካ ወዲህ እንደ «ቀስ በል» የሚጠላው ቃል የለም። ሐኪሙ ቀስ በል አለው። ጎረቤቱ ቀስ በል አለው። ባለፈው ሐምሌ ነዳጅ ማደያው ደጃፍ ላይ ሃርሊ ሞተሩ ከእጁ አምልጦ በጎኑ ሲጋደም፣ ተረባርበው ያነሱለት ሰዎችም በአንድ አፍ ቀስ በል አሉት። አራት መቶ ኪሎ የሚመዝን፣ እንደ ሶፋ የሚመች፣ ከተማ ውስጥ የሚሰለቸውና ረጅም መንገድ ሲያይ ነፍስ የሚዘራ ሞተር ነው። አሁን ጋራዥ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል።

በረዶው ሲቀልጥ ኤልመር ሊሸጠው ቆረጠ። ከሞተሩ ሆድ ሥር ተንጠልጥላ የኖረችውን ትንሽ ቃጭል ፈትቶ ኪሱ ከተተ። የመንገድ ጂኒ የምታባርር ቃጭል ናት፤ የምትሠራው ግን ሰው በስጦታ ሲሰጣት ብቻ ስለሆነ ለገዢ አትተላለፍም። ለኤልመር የሰጠችው ሚስቱ አርዲስ ነበረች።

«ልሸጠው ነው» አላት እራት ላይ።

«አትሸጠውም» አለች የተጠበሰ ዓሣዋን እየቆረሰች።

«እና ማን ይንዳው?»

«እኔ።»

ኤልመር ከት ብሎ ሳቀ። አርዲስ ግን አዲሱን የሞተር መንጃ ፈቃዷን አውጥታ ጨው ዕቃው አጠገብ አስቀመጠችው። ለካስ ባለፈው መጸው ማክሰኞ ማክሰኞ «ቤተ ክርስቲያን ብርድ ልብስ ልሰፋ» እያለች የወጣችው፣ ከጓደኛቸው ከቨርጂል ጋር ባዶ ሜዳ ላይ ልትለማመድ ኖሯል!

«እኔስ?» አለ ሳቁ ጠፍቶ።

«አንተማ ትፈናጠጣለህ።»

«እኔ ከሴት ጀርባ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሠላሳ ሁለት ዓመት ያንተን ጀርባ ሳይ ስኖር እኔን ማን ምን አለኝ?»

በግንቦት የመጀመሪያ እሁድ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ያሉ ሞተረኞች ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይሰበሰባሉ፤ ቄሱም የበጋው ጉዞ ሳይጀመር ሞተሮቹን እየዞሩ ይባርካሉ። ያን ቀን አርዲስ ሃርሊውን አስነስታ ወጣች። ኤልመር ደግሞ «ብትወድቂ የሚያነሳሽ ያስፈልጋል» ብሎ፣ አጠገቡ የሩባርብ ፓይ የሚሉትን ጣፋጭ ዳቦ አስቀምጦ በፒካፕ መኪናው ተከተላት። እውነቱ ግን ተፈናጥጦ መታየቱን ፈርቶ ነው።

ያኔ አንድ ነገር ገባው። ይህን ሁሉ ዓመት ሲነዳው ኖሮ፣ የገዛ ሞተሩ ሲሄድ አይቶት አያውቅም! ወንዙን ተከትሎ ሲታጠፍ ያ ሁሉ ክብደት የት እንደገባ እንጃ፤ ጋደም ይልና ቀስ ብሎ ቀና ይላል። የማርሚታው፣ የጭስ ማውጫው ድምፅ በመስኮቱ ገብቶ ደረቱ ውስጥ ይመታል። ኒኬሉ ላይ ሰማዩ ይሮጣል። ኤልመር ሳያስበው «አቤት ውበት!» አለ፣ ለፓዩ።

ከፊት የሚመጡ ሞተረኞች ግራ እጃቸውን ዝቅ አድርገው ዘርግተው አርዲስን ሰላም ይሏታል። እሷ ግን መሪውን መልቀቅ ፈርታ አትመልስም። ኤልመር ደንቡ እንዳይፈርስ ብሎ እጁን በፒካፑ መስኮት አወጣ። ማንም አላየውም። ፒካፕን ማን ሰላም ይላል? እጁን መልሶ አስገባ። ከዚህ በኋላ መንገዱ የሌሎች መሆኑ ነው።

ግቢው ውስጥ ቨርጂል ጎንበስ ብሎ የሞተሩን ሆድ አየና «አርዲስ፣ ይቺን አዲስ ቃጭል ማን ሰጠሽ?» አላት።

«የድሮዋ የለችም፤ ገዛኋት።»

«ለራስሽ?»

«ታዲያ ለማን?»

ሞተረኛው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። «ለራስሽ ገዝተሽማ ጂኒውን ዳንስ ጋበዝሽው!» አለ ቨርጂል። «በይ ፍቺያት!»

አርዲስ ቀላች። ኤልመር ኪሱ ውስጥ ያለችውን ቃጭል ጨበጠ። ከሰጣት ሞተሩ የሷ ነው፤ ያበቃለታል። ወደ ሚስቱ አየ። ያቺ መንጃ ፈቃዷን ጨው ዕቃው አጠገብ ያስቀመጠችው አርዲስ አፍራ ጓንቷን ታሻሻለች። አንጀቱን በላችው።

ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጎ ገባና፣ በብረት ዳሌው እያቃሰተ ተንበረከከ። አዲሷን ፈትቶ አሮጌዋን አሰረ። «እኔ ሰጠኋት» አለ ጮክ ብሎ። ከዚያ መነሳት አቃተው። ቨርጂልና አንድ ሌላ ሰው ብብቱን ይዘው ሲያነሱት፣ «ከሞተሩ ትከብዳለህ!» አሉት። ቄሱ እየሳቁ ባለቃጭሏንም ባለዳሌውንም ደርበው ባረኩ።

ሲመለሱ ኤልመር የፒካፑን ቁልፍ ለቨርጂል ወረወረለት። «ፓዩን እንዳትነካ!»

ከዚያ ሰው ሁሉ እያየው፣ ራሱ ለአርዲስ ብሎ መደገፊያ ባስገጠመለት የኋላ መቀመጫ ላይ ተደላደለ።

«ይሄን ያህል እንደሚመች ነግረሽኝ አታውቂም» አላት ወንዙ ዳር ሲደርሱ።

«ነግሬህ ነበር፤ ማርሚታህ አላሰማህም።»

ከመታጠፊያው ማዶ ሦስት ሞተረኞች ብቅ አሉ። እጃቸውን ዝቅ አድርገው ዘረጉ። አርዲስ መሪውን በሁለት እጇ እንደጨበጠች ነበር።

«አንተ መልስላቸው!» ብላ ጮኸች።

ኤልመር ግራ እጁን ዝቅ አድርጎ ዘረጋ። ሦስቱም አዩት።