የመሪጌታ ሰጠኝ እጅ

የቆቅ ውሃ ሰው ስብሰባ ሲቀመጥ ፊቱን ወደ ተናጋሪው፣ ዓይኑን ግን ወደ መሪጌታ ሰጠኝ አድርጎ ነው። መሪጌታ እጃቸውን ካወጡ ያወጣል፤ ካወረዱ ያወርዳል። ምን ያድርግ! ከዳባትና ከደባርቅ መካከል ባለችው በዚያች መንደር ዜማውንም ቅኔውንም ጠንቅቆ የተማረ እሳቸው ብቻ ናቸው። ድንበር ሲገፋ እሳቸው ዘንድ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ እሳቸው ዘንድ ይኬዳል። እስላሙም ክርስቲያኑም «መሪጌታ ምን አሉ?» ሳይል አይቆርጥም። እሳቸውም፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ይህ ደስ ይላቸው ነበር።

መንደሪቱ ስሟን ያገኘችው ከምንጩ ነው። ቆቅ ውሃ ክረምት ከበጋ አይነጥፍም ነበር። ከራስጌው ክርስቲያኑ ጠበል ብሎ ይጠመቅበታል፤ ወረድ ብሎ ከብት ይጠጣዋል፤ ከዚያም በታች ሳፊያ ነጭ ሽንኩርትና ካሮት ታለማበታለች። ሳፊያ የጨርቅ ነጋዴው የጠይብ ሚስት ናት። ባሏ ዳባት ገበያ ሲውል እሷ ሬዲዮዋን አጥሩ ላይ ሰቅላ ጓሮዋን ስታጠጣ ትውላለች። ከዘፈኑ ይልቅ ወሬውን ነው የምትወደው፤ የምክር ቤት ክርክር እንኳ ሲተላለፍ አታልፈውም። «ይቺ ሴትዮ ሽንኩርቱን ፖለቲካ ልታስተምረው ነው» እያሉ ያሾፉባታል።

ባለፈው ኅዳር ያርጋል የሚባል ወጣት ባለሙያ ከወረዳ በመኪና መጣና ሕዝቡን ሜዳው ላይ ሰበሰበ። ከምንጩ በላይ ያለው የወል ተዳፋት ለጠጠር መፍጫ ይሰጥ አይሰጥ የሚለውን ሕዝቡ ራሱ እንዲወስን ነው የመጣሁት አለ። ስለ ኢንቨስተሩ አወራ፣ ስለ ሥራ ዕድል አወራ፣ ስለ ዲሞክራሲም ረዘም አድርጎ አወራ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ስብሰባ ስላለበት ግን ቸኩሏል። እጅ የምታወጡ ሦስት ጊዜ ነው፣ የሚደግፍ፣ የሚቃወም፣ ድምፀ ተአቅቦ የሚያደርግ፤ ጥያቄ ያለው አለ ወይ አላቸው። ማንም አልጠየቀም። መጠየቅ አላውቅም ማለት ነዋ! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አላውቅም የሚል ማን አለ?

ከመሪጌታ ጎን የተቀመጡት አሮጊቷ እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ጠጋ ብለው፣ ምንጫችንን እንዳይነኩብን በየትኛው ላይ ነው እጅ የምናወጣ ሲሉ ጠየቁ። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በተአቅቦው ነዋ። ዐቀበ ማለት ጠበቀ ማለት ነው። ምንጫችን ይጠበቅልን የምንል ሁሉ በተአቅቦ። መቃወምማ ጠብ ነው፤ ከመንግሥት ጋር ምን አጣላን?»

ቃሉ ከጆሮ ወደ ጆሮ ሜዳውን ዞረ። ሰውም አይ መማር ብሎ ተደነቀ። ከኋላ፣ ካቡ ሥር ከተቀመጡት ሴቶች መካከል ግን ሳፊያ ብድግ አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በሬዲዮ ስሰማ ተአቅቦ ማለት ከሁለቱም አልሆንም ማለት ነው የሚሉት።»

«አይ ሳፊያ!» አሉ መሪጌታ። «ጨርቅ ስንገዛ አንቺን እንጠይቃለን። ግዕዙን ግን ለእኛ ተይልን።»

ሰው ሳቀ። በክፋት አልነበረም፣ በፍቅር ነው፤ ግን ሳቀ። ሳፊያ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።

የሚደግፍ ሲባል ሥራ ይገኛል የተባሉ ጥቂት ጎረምሶች እጅ አወጡ። የሚቃወም ሲባል ሜዳው ጭር አለ። ድምፀ ተአቅቦ ሲባል መሪጌታ ቀኝ እጃቸውን ከጋቢያቸው አውጥተው ቀጥ አደረጉ፤ ወዲያው የአገሩ እጅ ሁሉ ተነሣ። ከካቡ ሥር ያለችው ሳፊያ ብቻ በሦስቱም እጇን አላወጣችም። ያርጋል ገርሞት አንድ ነገር ሊጠይቅ አፉን ከፈት አደረገ፤ ሾፌሩ ክላክስ ሲያደርግ ግን ተወውና «ከደጋፊና ከተቃዋሚ በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል» አለ።

ጸድቋል! እማሆይ ይህችን ቃል ሲሰሙ እልል አሉ። ለእሳቸው ጽድቅ አንድ ነው፤ የጸደቀ ነገር ድኗል። ሴቶቹ ተከትለው እልል አሉ፤ መሪጌታም የሚያመሰግናቸውን ሁሉ እየመረቁ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ወይ ነዶ! እንዲህ በገዛ ቀብሩ እልል ያለ መንደር የት ይገኛል?

ከጥምቀት በኋላ ማሽኖቹ መጡ። ሰው መጀመሪያ መንገድ ሊሠሩ መሰለው። ድማሚቱ ሲጮህ ነው የነቃው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። መሪጌታ ሽማግሌዎቹን አስከትለው ወረዳ ወረዱና፣ ጠብቁልን ባልን እንዴት ታፈርሱብናላችሁ ብለው ጮኹ። ያርጋል መጀመሪያ ነገሩ አልገባውም፤ የተቃወመ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም እኮ ይላል። መሪጌታ ዐቀበን ከሥሩ ተነሥተው ሲተረጉሙለት ግን ፊቱ ተለወጠ።

«አባቴ፣ እዚህ ላይ ተአቅቦ ራስን ማቀብ ነው» አላቸው። «አልደግፍም፣ አልቃወምም፣ ከቁጥር አታግቡኝ፣ የፈለጋችሁትን አድርጉ ማለት ነው።»

መሪጌታ እስከ ቤታቸው ቃሉን ሲያላምጡት ሄዱ። ቃሉ ያው የሚያውቁት ቃል ነው። የተጠበቀው ግን ምንጩ ሳይሆን የመንደሩ አፍ ነበር። ሽማግሌዎቹ አልወቀሷቸውም፤ እንዲያውም ያ ልጅ ግዕዝ ምን ያውቃል እያሉ ሲያጽናኗቸው የባሰ አንገበገባቸው።

በዐቢይ ጾም ውሃው መጀመሪያ ደፈረሰ፣ ቀጥሎ ቀጠነ፣ ከዚያ የት እንደገባ ጠፋ። የሳፊያ ሽንኩርት ቢጫ ሆኖ ተኛ። ከወንዝ በጀሪካን እየቀዳች ሞከረችው፤ አልሆነም። ጠይብ ደባርቅ አንድ ክፍል ቤት ተከራየና ዕቃቸውን የሚጭን አይሱዙ አመጣ።

ያን ቀን መሪጌታ ከመፍጫው ሥር አንድ ድንጋይ አንሥተው በጫንቃቸው ተሸከሙ። በአገሩ በዳይ ይቅርታ የሚጠይቀው ድንጋይ ተሸክሞ ነው፤ በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ማዕረግ፣ ልጃቸው ለምትሆን ሴት ሲሸከሙ ግን ማንም አይቶ አያውቅም። ደጃፏ ላይ ሲደርሱ ጎንበስ አሉ። ሳፊያ የያዘችውን ድስት ጥላ ሮጠች፤ ድንጋዩን ከጫንቃቸው አውርዳ ወዲያ አስቀመጠችና እጃቸውን ይዛ አለቀሰች።

«ይህንንስ ለእኔ አይሸከሙ» አለች። «እርስዎስ የመሰለዎትን ነው የተናገሩ። እኔ አውቄ ነው ዝም ያልኩ። እናቴ ዝም አይነቅዝም እያለች ነበር ያሳደገችኝ፤ ይነቅዛል፣ መሪጌታ። ሰው ሳቀብኝ ብዬ ተቀመጥኩ። ተአቅቦ ማለት ያን ቀን እኔ ያደረግሁት ነው።»

መሪጌታ አትሂዱብን ብለው ጠይብን ለመኑት፤ ውሃ ያምጡልኝና ልቅር ሲላቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው ከመንገዱ ገለል አሉ። አይሱዙው ሲነሣ ሬዲዮዋ ከፍራሹ ላይ ታስሮ ይታይ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ያርጋል ተመልሶ መጣ። ውሃ በቦቴ ሊላክ ነውና ቦቴው መንደር ድረስ ይግባ ወይስ ላይ መፍጫው በር ይቁም የሚለው ሊወሰን ነው። መፍጫው በር ይቁም የሚለው የመፍጫው ሐሳብ ነው፤ ለመንገዱ ይቀላል። መንደር ይግባ የምትሉ ተቃወሙ አለ። አሁን መሪጌታ ቀድመው ተነሡ። መደገፍ ምን እንደሆነ፣ መቃወም ምን እንደሆነ፣ ተአቅቦ ምን እንደሆነ አንድ በአንድ አስረዳን አሉት፤ እሱም እንደ ወጉ አስረዳ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«አሳስቻችኋለሁ፤ አይታችኋል። ዛሬ እኔን አትዩ። ያልገባው ይጠይቅ፣ የገባው በራሱ እጁን ያውጣ።»

ሰው ራሱን ነቀነቀ። ትሕትናቸው ነው አለ። መሪጌታ ከካቡ ሥር የሳፊያን ቦታ ተመለከቱ፤ ባዶ ነው።

የሚደግፍ ሲባል መፍጫው ውስጥ የተቀጠሩት ጎረምሶች እጅ አወጡ። የሚቃወም ሲባል መሪጌታ ቀና ሲሉ የአገሩ ዓይን ሁሉ እሳቸው ላይ ነው፤ የእማሆይ ዓይን እንኳ። ዛሬስ በራሳቸው ይወስኑ ብለው እጃቸውን ጋቢያቸው ሥር ደበቁ። ሰዉም አይቶ እጁን ጋቢው ሥር ደበቀ። ኧረ እናንተ ሰዎች ብለው ሊጮሁ ሲነሡ ያርጋል ጨርሷል።

«በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል» አለ።

እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ አሁን እልል አላሉም። ባዶ ጀሪካናቸውን አንሥተው በጀርባቸው አዘሉና፣ መሪጌታን ቀና ብለው ሳያዩ፣ ዳገቱን ወደ መፍጫው በር ወጡ።