በሽር ያላመጣው በሽታ

በ2013 ዓ.ም. መጋቢት ኮሮና ደጋዋ ከተማ ጎረቤላ ሲገባ፣ ሰው ሁሉ ጣቱን የቀሰረው በሽር ላይ ነበር። በሽር በየገበያው ቀን ከቆላው ከአልዩ አምባ ሽንኩርትና ሎሚ ጭኖ ዳገቱን የሚወጣ ነጋዴ ነው። ገበያ መሀል ሲያስል አይተውታል። በዚያ ሰሞን አሥራ አንድ ሰው ታመመ፤ ሦስቱ ሞቱ። አንዷ የመሪጌታ ኃይለ ገብርኤል ሚስት ነበረች። መሪጌታ ከቀብሩ መልስ፣ «ከቆላ የሚወጣው ሰው ጨረሰን» አሉ። ይህቺ ቃል በቃች። ከዚያ ወዲያ የበሽርን ሽንኩርት የሚነካ፣ ሰላምታውን የሚመልስ ጠፋ። እሱም መምጣቱን ተወ።

ሥርጉት የደብረ ብርሃን የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ያኔ ከጎረቤላም ከአልዩ አምባም ናሙና የሰበሰበችው እሷ ነበረች። ከመሪጌታ፣ ከበሽርና ከእናቱ ከወይዘሮ ኩብራም ወስዳለች፤ እናቲቱ በሦስተኛው ቀን ሞቱ። ናሙናው አዲስ አበባ ተልኮ የቫይረሱ ዘረመል ፊደል በፊደል ተነበበ። ውጤቱ የመጣው ሰኔ ላይ ነው።

ወረቀቱ ላይ ስም የለም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ለወረዳው ልካ ዝም ብትል የሚጠይቃት አልነበረም። ግን ቁጥሮቹ የማን እንደሆኑ ታውቃለች። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍራ ጎረቤላ ሄደች።

መሪጌታን ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ቫይረሱ ከሰው ወደ ሰው ሲሄድ ራሱን ይገለብጣል» አለቻቸው። «አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይስታል። ስህተቱም ወደሚቀጥለው ሰው ይተላለፋል።»

መሪጌታ በወጣትነታቸው ብራና ጽፈዋል። «አንዱ ጸሐፊ የገደፈውን ከእሱ የሚቀዳውም ይገድፈዋል» አሉ። «በግድፈቱ የትኛው መጽሐፍ ከየትኛው እንደተቀዳ ይታወቃል።»

«እንደሱ ነው። የበሽር ቫይረስ የጎረቤላው ግድፈት ሁሉ አለበት፤ በላዩ አንድ አዲስ ተጨምሮበታል። የእናቱም እንደዚያው።»

«እንግዲያ ከኛ ነው የወሰደው።»

«አዎ።»

«እኛ ዘንድስ ከየት መጣ?»

ሥርጉት መንገዱን ሙሉ የፈራችው ይህን ጥያቄ ነበር። «ከደብረ ብርሃን። ማን ለማን እንደሰጠ ግን ወረቀቱ በእርግጠኝነት አይናገርም። ያልተመረመረ ብዙ ሰው አለ።»

«የኔስ?»

«የእርስዎ ከደብረ ብርሃኑ ጋር አንድ ነው። ምንም አልተጨመረበትም፤ በሌሎቹ የጎረቤላ ሰዎች ላይ ግን ተጨምሯል።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ጨበጡ። «ያኔ ለወንድሜ ተዝካር ደብረ ብርሃን ሄጄ ሦስት ቀን ሰነበትኩ» አሉ። «ሚስቴ ዘንድሮ ይቅርብህ ብላኝ ነበር።»

«አላወቁም እኮ፣ አባቴ።»

«አላወቅኩም። በሽርም አላወቀም። እኔ ግን ፈረድኩበት።»

በነጋታው ሥርጉት እየደገፈቻቸው ቁልቁለቱን ወደ አልዩ አምባ ወረዱ። በሽር ደጁ ላይ ሽንኩርት ሲለቅም ነበር። ሲያያቸው ተነሳ።

«ልጄ» አሉ መሪጌታ፣ «ደዌውን ጎረቤላ ያስገባሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም። አንተም ከዚያው ነው የያዘህ። ስምህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

በሽር ወደ ሥርጉት ዞረ። «እውነት ነው?»

«ከጎረቤላ መያዝህ እውነት ነው።»

ተመልሶ ቁጭ አለ። «እናቴን እኔ ገደልኳት እያልኩ ነው የከረምኩት» አለ።

«እኔም ከትናንት ጀምሮ ሚስቴን እንደዚያው እላለሁ» አሉ መሪጌታ።

በሽር የተቀመጠበትን ኩርሲ ለሳቸው ለቀቀላቸው። «ይቀመጡ፤ መንገዱ ያደክማል። ሞቱ የአላህ ቀደር ነው፤ እሱ የጻፈው። የስሜን ነገር ግን ዛሬ ይቅር ልል አልችልም፤ ጊዜ ይስጡኝ።»

«እጠብቃለሁ» አሉ መሪጌታ።

በቀጣዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ሁሉን ለምእመናኑ ነገሩ። አንዳንዱ አዘነላቸው፤ አንዳንዱ፣ «ወረቀት ምን ያውቃል?» አለ። በሽር ጎረቤላ የተመለሰው መስከረም ላይ ነው። መሪጌታ ቀድመው ሄደው አንድ ኪሎ ሽንኩርት ገዙ፤ ከኋላቸው ሦስት አራት ሴቶች ተከተሉ። ዛሬም ድረስ ከበሽር ፊቱን አዙሮ የሚያልፍ ሰው አልጠፋም።